ምሥራቁን ለብቻ፣ ሰሜኑን ለብቻ፦ የሁለት አቅጣጫ የሞመንተም ጥያቄ አሠራር

በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ መያዝ ራሱ ሥራ ነው። ጣቴ እስኪሟሟቅ ድረስ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስቶች ብቻ እሥላለሁ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ላይ። ቀስቶቹ ሞመንተምን ያሳያሉ፤ ሞመንተም ማለት የአንድ አካል መጠነ ቁስ (ማስ) በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው፣ አቅጣጫ ያለው መጠን ነው። ከዚያ እጠይቃለሁ፦ «የዚህኛው ሞመንተም 3፣ የዚያኛው 4 ነው። ድምሩ ስንት ነው?» ግማሹ ክፍል በአንድ ድምፅ «ሰባት!» ይላል። ጥቂቶች ዝም ይላሉ። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ፈራ ተባ እያለ «አምስት» ይላል። ትክክሉ አምስት ነው፤ ይህ መመሪያ የተጻፈው «ሰባት» ላሉት ነው።

ማፈር አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 በዓለም ላይ ያለው የእንቅስቃሴ መጠን አይጨምርም፣ አይቀንስም ብሎ ሲጽፍ የቆጠረው የአካሉን መጠን በፍጥነቱ አባዝቶ ብቻ ነበር፤ አቅጣጫን ከሒሳቡ አላስገባም። ስለዚህም ካወጣቸው የግጭት ሕጎች አብዛኞቹ ስህተት ሆኑ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1669፣ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ የራሱን የግጭት ሕጎች ሲያወጣ ድምሩ ሳይለወጥ የሚቆየው አቅጣጫም አብሮ ሲቆጠር መሆኑን አሳየ። የሚያስቀው፣ ዛሬ ያንን ስህተት የምናርምበት የሁለት ዘንግ ሥዕል የሚጠራው በራሱ በዴካርት ስም ነው።

ነገሩ ሲጠቃለል ይህ ነው። ገብስና ባቄላ ጭኖ ገበያ የወጣ ገበሬ ሁለቱን ለየብቻ ይሰፍራል እንጂ ቀላቅሎ «ይህን ያህል ቁና አለኝ» አይልም። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሞመንተም ገብስ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቄላ ነው። ከግጭቱ በፊት የነበረው ገብስ ከግጭቱ በኋላም ያው ነው፤ ባቄላውም እንዲሁ። ገብስ ወደ ባቄላ አይለወጥም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ

ሞመንተም የሚጠበቀው፣ ማለትም ድምሩ ሳይለወጥ የሚቆየው፣ ከውጭ የሚገፋ ወይም የሚስብ ጉልህ ኃይል ከሌለ ነው። መንገድ ላይ ሰበቃ አለ፤ ቁልቁለት ላይ የመሬት ስበት አለ። ታዲያ እንዴት እንጠቀምበታለን? ግጭት የሚፈጀው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ አካላት እርስ በርስ የሚገፋፉበት ኃይል ከሰበቃው እጅግ ስለሚበልጥ ሰበቃውን እንተወዋለን። ስለዚህ «በፊት» ስንል ከመጋጨታቸው አንድ አፍታ በፊት፣ «በኋላ» ስንል ደግሞ ከተለያዩ ወይም ከተጣበቁ አንድ አፍታ በኋላ ማለታችን ነው። መኪናው ከዚያ ወዲያ 20 ሜትር ተንሸራቶ አጥር ሥር መቆሙ ሌላ ሒሳብ ነው።

ሥዕሉ

ሁለት ሥዕሎች ሣሉ፤ «በፊት» እና «በኋላ»። ለእያንዳንዱ አካል አንድ ቀስት አድርጉ፤ ከቀስቱ አጠገብ መጠነ ቁሱንና ፍጥነቱን ጻፉ። የማታውቁት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ይቀመጥ። «ሥዕሉ ጊዜ ይፈጅብኛል» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ሳይሥል ጀምሮ መሐል ላይ ሲጠፋበት ግን ወረቀት የሚጠይቀኝም እሱ ነው።

የጥያቄ ምልክቶቹን ቁጠሩ። የምሥራቅና የሰሜን፣ በድምሩ ሁለት እኩልታዎች ብቻ አሏችሁ፤ ሁለት እኩልታ ሁለት ያልታወቀ ነገር ብቻ ይፈታል። ሦስት ከሆኑ ጥያቄውን እንደገና አንብቡ፤ «ተጣበቁ» ወይም «ጉልበት ሳይባክን ተጋጩ» የሚል ቃል የሆነ ቦታ ተደብቆ ይሆናል።

ዘንግ መምረጥ

ዘንጉ የግድ ምሥራቅና ሰሜን መሆን የለበትም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ በየመታጠፊያው አቅጣጫው ይለወጣል። እዚያ ላይ ኮምፓስ ይዞ ምሥራቅን ከመፈለግ አንዱ አካል የሚመጣበትን መስመር «አግድም» ብሎ መሰየም፣ ለእሱ ቀጤ የሆነውን ደግሞ «ጎን» ማለት ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል። ምክንያቱም ያ አካል የጎን ሞመንተሙ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ደግሞ ለመደመር አያስቸግርም። አንድ ጊዜ ከመረጣችሁ ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሩ። «በፊት»ን በአንድ ዘንግ፣ «በኋላ»ን በሌላ ዘንግ መሥራት በአንዱ ቁና ሰፍሮ በሌላው እንደ መሸጥ ነው።

ቀስቱን መክፈል

ሰያፍ ቀስት ሲያጋጥማችሁ ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት አድርጋችሁ በሁለት ክፋይ፣ በተማሪዎች አጠራር በሁለት ኮምፖነንት፣ ትከፍሉታላችሁ። ቀስቱ ረጅሙ ጎን ነው፤ ሁለቱ አጭር ጎኖች ክፋዮቹ ናቸው። አንዱ የሚገኘው የቀስቱን መጠን በኮሳይን በማባዛት ነው፤ ሌላው በሳይን።

የቱ በየትኛው? አንዲት የመንዝ ልጅ በአንድ ወቅት «መምህር፣ ኮሳይን ሁልጊዜ ለአግድሙ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፤ ብዙ ማርክ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ኮሳይን የሚሄደው ማዕዘኑ ለተነሣበት ዘንግ ነው። ማዕዘኑ ከምሥራቅ ተነሥቶ ከተለካ የምሥራቁ ክፋይ ኮሳይን ይወስዳል። «ከሰሜን 30 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ» ከተባለ ግን የተነሣው ከሰሜን ስለሆነ ኮሳይኑ የሰሜን ነው። ሞመንተሙ 10 ቢሆን የሰሜኑ ክፋይ 10 × 0.866 = 8.66፣ የምሥራቁ 10 × 0.5 = 5 ይሆናል። ቀስቱን በትክክል ከሣላችሁት ዓይናችሁም ይመሰክራል፤ ወደ ሰሜን የተጠጋ ቀስት የሰሜን ክፋዩ መብለጥ አለበት።

ምልክትን በተመለከተ፦ ምሥራቅና ሰሜን ፖዘቲቭ ከተባሉ ምዕራብና ደቡብ ነጌቲቭ ናቸው። ምልክቱን ክፋዩን እንዳገኛችሁ ወዲያውኑ ጻፉ። «በኋላ አስገባዋለሁ» የተባለ ነጌቲቭ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም።

አሁን እንሥራ፦ ባጃጅና ፒካፕ

አንድ መስቀለኛ መንገድ አስቡ። ሹፌሩና ተሳፋሪዎቹ ጭምር 500 ኪሎ ግራም የሆነ ባጃጅ ወደ ምሥራቅ በ8 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል። 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ ፒካፕ ወደ ሰሜን በ3 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ተጋጭተው ይጣበቃሉ። ሰው አልተጎዳም እንበል፤ ጭቅጭቁ ብቻ ነው የቀረው። ከግጭቱ በኋላ አብረው በምን ያህል ፍጥነት፣ ወዴት ይሄዳሉ?

ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ክፈሉት።

የምሥራቅ ዓምድ፦ ባጃጁ 500 × 8 = 4,000፤ ፒካፑ 0። ድምር 4,000።

የሰሜን ዓምድ፦ ባጃጁ 0፤ ፒካፑ 2,000 × 3 = 6,000። ድምር 6,000።

አሃዱ ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። ሲጣበቁ አንድ 2,500 ኪሎ ግራም የሆነ አካል ሆነዋል። ስለዚህ የምሥራቅ ፍጥነታቸው 4,000 ÷ 2,500 = 1.6፣ የሰሜኑ 6,000 ÷ 2,500 = 2.4 ሜትር በሰከንድ ነው። ልብ በሉ፤ እስካሁን ሁለቱ ዓምዶች አልተነካኩም።

አሁን ብቻ ይገናኛሉ። ፓይታጎረስን ጥሩ፦ 1.6 በራሱ ሲባዛ 2.56፣ 2.4 በራሱ ሲባዛ 5.76፣ ድምሩ 8.32፤ ስኩዌር ሩቱ 2.88 ገደማ። ፍጥነታቸው 2.88 ሜትር በሰከንድ ነው። አቅጣጫውን ታንጀንት ይነግረናል፦ 2.4 ÷ 1.6 = 1.5፤ ታንጀንቱ 1.5 የሆነ ማዕዘን 56.3 ዲግሪ ነው። መልሱ «በ2.88 ሜትር በሰከንድ፣ ከምሥራቅ 56.3 ዲግሪ ወደ ሰሜን» ተብሎ ይጻፋል። አቅጣጫ የሌለው መልስ ግማሽ መልስ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንፈትሽ። ከግጭቱ በፊት የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው (የመጠነ ቁሱ ግማሽ ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር) የባጃጁ 16,000 ጁል፣ የፒካፑ 9,000 ጁል፣ በድምሩ 25,000 ጁል ነበር። በኋላ ደግሞ የ2,500 ግማሽ ሲባዛ በ8.32፣ ማለትም 10,400 ጁል ሆነ። 14,600 ጁል የት ሄደ? ብረቱን ለማጣመም፣ ለድምፅና ለሙቀት። ሞመንተም ሳይጎድል ጉልበት ሊባክን ይችላል። ነገር ግን ምንም የሚፈነዳ ነገር በሌለበት ግጭት የኋላው ጉልበት ከፊቱ በልጦ ከተገኘ መልሳችሁ ስህተት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይኸው ሒሳብ ወደ ኋላም ይሠራል። የተጣበቁት መኪኖች የተነሡበት መስመር 56.3 ዲግሪ ከሆነ የሰሜኑ ሞመንተም የምሥራቁ አንድ ተኩል እጥፍ ነበር ማለት ነው። የፒካፑ ፍጥነት 3 መሆኑ ከታወቀ ባጃጁ በ8 ይሄድ እንደነበር አስፋልቱ ይናገራል፤ ሹፌሩ «ቀስ ብዬ ነበር» ቢልም።

ብይ፦ ከተጋጩ በኋላ የሚለያዩ

ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው። አንዲት ብይ በአውራ ጣት ተፈንጥራ በ2 ሜትር በሰከንድ ሄዳ የቆመች እኩያዋን ጠርዟን ትመታለች። ከዚያ የመጀመሪያዋ ከመጣችበት መስመር 30 ዲግሪ ወደ ግራ ታጥፋ በ1.73 ሜትር በሰከንድ ትሄዳለች። ሁለተኛዋስ?

አግድሙን ብይዋ በመጣችበት መስመር እናድርገው፤ ግራ ፖዘቲቭ ይሁን። የሁለቱ መጠነ ቁስ እኩል ስለሆነ ከእኩልታው ሁለት ወገን ይጣፋል፤ በፍጥነት ብቻ መሥራት እንችላለን። ብይዎቹ እኩል ካልሆኑ ግን ይህን አቋራጭ እርሱት።

አግድም፦ በፊት 2። በኋላ የመጀመሪያዋ 1.73 × 0.866 = 1.5። ስለዚህ ለሁለተኛዋ የቀራት 0.5 ነው።

ጎን፦ በፊት 0። በኋላ የመጀመሪያዋ 1.73 × 0.5 = 0.866 ወደ ግራ። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ሁለተኛዋ ነጌቲቭ 0.866፣ ማለትም ወደ ቀኝ፣ መሄድ አለባት።

0.5 በራሱ 0.25፤ 0.866 በራሱ 0.75፤ ድምሩ 1፤ ስኩዌር ሩቱም 1። ታንጀንቱ 0.866 ÷ 0.5 = 1.73፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ። ሁለተኛዋ በ1 ሜትር በሰከንድ፣ 60 ዲግሪ ወደ ቀኝ ትሄዳለች።

30 ሲደመር 60 ስንት ነው? ዘጠና። ይህ አጋጣሚ አይደለም። እኩል መጠነ ቁስ ያላቸው ሁለት አካላት፣ አንዱ ቆሞ ሳለ፣ ጉልበት ሳይባክን በጠርዝ ከተጋጩ ሁልጊዜ በቀጤ ማዕዘን ይለያያሉ። የጉልበቱን ጥበቃ ስትጽፉት የፓይታጎረስ ቀመር ራሱ ሆኖ ይመጣላችኋል፤ በፍጥነቶቹ ስኩዌር፦ 4 = 3 + 1። ፊት ለፊት ከተጋጩ ግን የመጀመሪያዋ ትቆማለች፣ ሁለተኛዋ ፍጥነቷን ወርሳ ትሄዳለች፤ ማዕዘን የሚባል ነገር አይኖርም። አፈር ላይ ስትሞክሩት ዘጠናው ልክ ባይመጣ አትገረሙ። ብይ እየተሽከረከረች ስለምትሄድ ከግጭቱ በኋላ መንገዷ ትንሽ ይጠመዝዛል።

ድንጋይ ማውጫ ካባ ላይ የፈነዳው ድንጋይ

ይህ ቀላል ነው፤ ቶሎ እንለፈው። የቆመ 12 ኪሎ ግራም ድንጋይ ፈንድቶ ሦስት ቦታ ተከፈለ። 3 ኪሎው ወደ ምሥራቅ በ8፣ 4 ኪሎው ወደ ሰሜን በ8 ሜትር በሰከንድ ተወረወሩ። 5 ኪሎው ወዴት ሄደ? የምናየው በመሬት ደረጃ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

በፊት ሁሉም ዜሮ ነበር፤ በኋላም ሁለቱም ዓምዶች ዜሮ መሆን አለባቸው። ምሥራቅ 24፣ ሰሜን 32 ስላለን ሦስተኛው ቁራጭ ነጌቲቭ 24 እና ነጌቲቭ 32 ይይዛል። መጠኑ 40 ነው፤ ለ5 ሲካፈል ፍጥነቱ እሱም 8 ሜትር በሰከንድ።

አቅጣጫው ላይ ግን ወጥመድ አለ። 32 ÷ 24ን ካልኩሌተር ላይ ብታስገቡ 53.1 ዲግሪ ይላችኋል፤ ብዙ ሰው «ከምሥራቅ ወደ ሰሜን» ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ማለት ሦስቱም ቁራጮች ወደ አንድ ወገን ሸሹ ማለት ነው! ሁለቱም ክፋዮች ነጌቲቭ ስለሆኑ ቀስቱ ያለው በደቡብ ምዕራብ ነው፦ ከምዕራብ 53.1 ዲግሪ ወደ ደቡብ። ካልኩሌተር ሥዕላችሁን አላየም፤ እናንተ ግን አይታችሁታል።

የገና ጥንግ፦ መቀነስም እንደ መደመር ነው

ታኅሣሥ መጨረሻ ሜዳው ላይ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ጥንጓ ስትመታ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ዱላውን የያዘው እጅ ከውጭ ስለሚገፋ የጥንጓ ሞመንተም አይጠበቅም፤ ይለወጣል። የሚጠየቀው ለውጡ ነው፤ ኢምፐልስ የሚባለው።

ጥንጓ 0.15 ኪሎ ግራም ነች እንበል። ወደ ምሥራቅ በ8 ሜትር በሰከንድ ስትመጣ ተመትታ ወደ ሰሜን በ15 ትወጣለች። የፍጥነቷ ለውጥ ስንት ነው? «15 ሲቀነስ 8፣ ሰባት» የሚል አሁንም አይጠፋም። በዓምዳችን እንሂድ። ለውጥ ማለት የኋላው ሲቀነስ የፊቱ ነው። ምሥራቅ፦ 0 − 8 = −8። ሰሜን፦ 15 − 0 = 15። 64 እና 225 ሲደመሩ 289፤ ስኩዌር ሩቱ 17። ለውጡ 17 ነው፤ ከሁለቱም ፍጥነቶች ይበልጣል። ዱላው ሁለት ሥራ ሠርቷልና፦ የምሥራቁን ጉዞ አቁሟል፣ የሰሜኑን አስጀምሯል። ኢምፐልሱ 0.15 × 17 = 2.55 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው፤ አቅጣጫው ከምዕራብ 61.9 ዲግሪ ወደ ሰሜን። ዱላውና ጥንጓ የተነካኩት ለ0.01 ሰከንድ ከሆነ አማካይ ኃይሉ 255 ኒውተን ይሆናል፤ 26 ኪሎ ግራም ገደማ ተሸክሞ ለማቆም የሚያስፈልገውን ያህል። እግር ላይ ስታርፍ ለምን እንደዚያ እንደምታም አሁን ገባችሁ።

ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና

ጥቂት ቁጥሮች በቃል ይያዙ። የ30 ዲግሪ ሳይን 0.5፣ ኮሳይኑ 0.866፤ የ60 ተገላቢጦሹ። የ45 ሁለቱም 0.707። የ37 ሳይን 0.6፣ ኮሳይኑ 0.8 ገደማ፤ የ53 ደግሞ ተገላቢጦሹ። 3፣ 4፣ 5 እና 5፣ 12፣ 13 እንዲሁም 8፣ 15፣ 17 የሚሉትን ሦስትዮሾች ስታዩ ፈታኙ እየረዳችሁ መሆኑን እወቁ።

ለልምምድ

2 ኪሎ ግራም የሆነ አካል ከምሥራቅ 37 ዲግሪ ወደ ሰሜን ባዘነበለ መስመር በ5 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል። 3 ኪሎ ግራም የሆነ ሌላ አካል ወደ ምዕራብ በ2 ሜትር በሰከንድ መጥቶ ይጋጨዋል፤ ይጣበቃሉ። ከሠራችሁ በኋላ ብቻ ወደ ታች እዩ።

ትክክለኛው መልስ 1.26 ሜትር በሰከንድ፣ ከምሥራቅ 71.6 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነው፤ የምሥራቁ ዓምድ 8 − 6 = 2፣ የሰሜኑ 6፣ ሁለቱም ለ5 ተካፍለው። 3.05 ከወጣላችሁ የምዕራቡን ነጌቲቭ ረስታችኋል። 1.6፣ ቀጥታ ወደ ሰሜን ካላችሁ ሳይንና ኮሳይን ቦታ ተለዋውጠዋል። 0.8 ካላችሁ ማዕዘኑን ጨርሶ ትታችሁ 10 ሲቀነስ 6 ብላችኋል። 3.2 ያላችሁ ደግሞ ከነዚያ «ሰባት» ካሉት ጋር ናችሁ፤ ወደ ሁለቱ ቀስቶች ተመለሱ።